የምስጢር ቁጥር የባለቤቱ ምስጢር ይሁን



ስለ እጅ ስልክ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ወጣቱ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ስለሚያድር ትምህርቱን ዘነጋ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በለቅሶ ቤትና በሰርግ ቤት ሰው ከሰው መጫወቱን ትቶ ከስልኩ ጋር ይጫወታል እያሉ ያዝናሉ። እኔም መምህር እንደ መሆኔ መጠን በዚህ ረገድ የምለው አላጣም ነበር። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከዚህ የተለየና በይበልጥ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይኸውም ማንበብ የማይችሉና በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችን በእጅ ስልክ ገንዘብ ሲከፍሉ የምስጢር ቁጥራቸው በማን እጅ እንደሚወድቅ ነው።

ነገሩን ወደ ልቤ ያስገባው አንድ ደብተር ነው። ከማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ፣ በትምህርቱ ብርቱ በጠባዩም የተመሰገነ ልጅ፣ እኔ ሳስተምር እሱ ከጠረጴዛው በታች አንዲት ትንሽ ደብተር ሲያገላብጥ አየሁትና ተቀበልሁት። የፈተና መልስ የጻፈባት መስሎኝ ነበር። ብገልጣት ግን በአንድ ወገን ስም፣ በሌላው ወገን ቁጥር ተደርድሮባታል። «ጎመን ሻጯ እትዬ»፣ «የሟቹ ዘበኛ ባለቤት»፣ «ዐይናቸውን የሚያማቸው አባባ» እየተባለ የሠላሳ ሰባት ሰው ቁጥር ተጽፎባታል። ከክፍል ስንወጣ ጠርቼ ብጠይቀው ልጁ ምንም ሳይደነግጥ፣ «ቲቸር፣ ከትምህርት መልስ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ በስልክ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች እከፍልላቸዋለሁ። አሥር አሥር ብር ይሰጡኛል። ቁጥራቸውን ስለሚረሱት፣ አንተ ዘንድ ይቀመጥልን ብለው እነሱው ናቸው ያጻፉኝ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የምቆጣበት ቃል አጣሁ። ልጁ ከማንም ሰው አምስት ሳንቲም አልወሰደም። በዚያች አሥር ብር ለራሱ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል፤ ሲተርፈውም ለእናቱ ሽንኩርትና ዘይት ይዞ ይገባል። ነገር ግን ያቺ ደብተር አንድ ቀን በታክሲ ውስጥ ብትወድቅ ወይም በክፉ ጓደኛ እጅ ብትገባስ? ቁጥሩ ያለ ስልኩ ብቻውን ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ለረዳታቸው የሚያስረክቡት ስልኩንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ነው። ገንዘባቸው እስከ ዛሬ ሳይነካ የቆየው በልጁ ደግነት እንጂ በሌላ ጥበቃ አይደለም። የሠላሳ ሰባት ሰው ጥሪት በአንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ደግነት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳይ፣ የተበላሸው ልጁ ሳይሆን አሠራሩ መሆኑ ታየኝ።

ወደ ኋላ እንመለስ የሚል አሳብ እንደሌለኝ አስቀድሜ ልናገር። የእጅ ስልክ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ የጥቂት ሰዎች መሣሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብት ጠባቂውም ዐቃቤ ንዋዩም ይይዘዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ፣ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ ከጥሬ ገንዘብ ወጥቶ በስልክና በባንክ መንገድ እንዲከፈል በታዘዘ ጊዜ፣ ያልለመደውም ሰው እየለመደው መጣ።

ጥቅሙን እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። እናቴ የምትኖረው በአንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ቀድሞ ገንዘብ ስልክላት፣ ወደዚያ የሚሄድ የታመነ ሰው እስኪገኝ ሁለትና ሦስት ሳምንት እቆይ ነበር። አሁን ደመወዝ በወጣ ዕለት፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳልወጣ፣ ሻዬ ሳይበርድ ይደርሳታል። ደግሞም ለመንግሥት የሚከፈለው ገንዘብ በሰው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ገቢ ሲሆን፣ መቼና ስንት እንደ ተከፈለም ሲመዘገብ፣ ለአገር የሚጠቅም መሆኑን የማይረዳ የለም። ጥያቄዬ ይህ ሁሉ ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ መንገዱ ለማን ተጠረገ፣ ለማንስ እሾህ ሆነ የሚል ነው።

እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ስሟን ትጽፋለች፤ ጽሑፍም ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በዚህ ዓይነቱ ስልክ ቴሌብርን ለመክፈት ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ተብሎ ይደወላል። ከዚያም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ዝርዝር ይመጣል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን መስመር አንብባ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ፣ ዘግይተሻል ተብላ ግንኙነቱ ይቋረጥባታል፤ እንደ ገናም ከሀ ትጀምራለች። ሁለት ጊዜ ከሞከረች በኋላ ስልኩን አጠገቧ ላለው ሰው ትሰጣለች። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረችው ድካም ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስላታል።

ባለፈው ጊዜ ለአንድ ጉዳይ የአገልግሎት ክፍያ ልትከፍል ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ፣ «እማማ፣ በጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» አላት። በስልክ መክፈል እንደማትችል ብትነግረው፣ ልጁ ደግ ኖሮ፣ ስልኩን በመስታወቱ ሥር ተቀብሎ ራሱ ይነካካላት ጀመር። መጨረሻ ላይ፣ «የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አላት። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው። «አልሰማሁም፤ ጮክ ይበሉ» አለ። ጮክ ብላ ተናገረች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ማታ ስትደውልልኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ገንዘቤን በመቀነቴ ቋጥሬ ስይዝ፣ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አሁን ግን ሰልፉ ሁሉ ያውቀዋል።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ በዚያ ሠራተኛ ላይ ልፈርድ ቃጣኝ። ቆይቼ ግን የራሴን ሥራ አስታወስሁ። ያንን ቁጥር የመረጥሁላት እኔ ነኝ። በእኔም ስልክ ውስጥ «የእማዬ» ተብሎ ተጽፎ ተቀምጧል። ተማሪዬን የጠየቅሁበት ጉዳይ እቤቴም ነበር ማለት ነው። እኛ የተማርን ነን የምንል ልጆች ለወላጆቻችን ስልክ ስንገዛ፣ እንዴት እንደሚሠራ አጠገባቸው ተቀምጠን ከማስተማር ይልቅ፣ «ቁጥሩን እኔ ይዤልሻለሁ» ብሎ መገላገል ይቀልለናል።

በልጅነቴ የተማርሁት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ደብዳቤ ለማስነበብና ለማስጻፍ ይመጡ ነበር፤ እኛም ትልልቆቹ ተማሪዎች በተራ እንታዘዛለን። መምህራችን ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩን የእጅ ጽሑፍ ማሳመርን አልነበረም። ደብዳቤውን ካነበብን በኋላ አጥፈን በባለቤቱ እጅ እንድናስጨብጥ፣ የጻፍነውንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መልሰን እንድናነብለት፣ ከደጅ ስንወጣም ያወቅነውን እንዳላወቅን እንድንሆን ነበር። አንድ ልጅ የአንዲትን ሴት የቤት ችግር ለጓደኞቹ በማውራቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከዚያ ሥራ ታገደ። በዚያ ዕድሜዬ ቅጣቱ የበዛበት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ለማይችል ሰው ማንበብ ማለት ምስጢሩን በአደራ መቀበል መሆኑን መምህራችን እንዴት አድርገው እንደ ቀረጹብን ይገባኛል። የዛሬው ስልክ ነካኪ ወጣት የትናንቱ ደብዳቤ አንባቢ ነው። ሥራው ተላለፈለት፤ ሥርዐቱን ግን ያስተላለፈለት የለም።

«ለምን አይማሩም? ዘመኑ ጥሏቸው ሊሄድ ነው እንዴ የሚጠብቃቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ገንዘቡን ያጣውንም ሰው፣ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ብሎ የሚተርትበት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሌላ መክፈያ ያልተተወለት ሰው ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ቢናገር፣ ሞኝነት ሳይሆን ግድ ሆኖበት ነው። መማሩንም ቢሆን ማን እምቢ አለ? እነዚህ ሰዎች የብርን ኖት ሳይሳሳቱ ይለያሉ፤ የልጆቻቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይደውላሉ። ፊደል ያልቆጠረው እንኳ አሃዝ ያውቃል። እንግዲያስ ዝርዝሩን ማንበብ ቢያቅታቸው፣ የምስጢር ቁጥራቸውን በገዛ ጣታቸው መንካት ለብዙዎቹ አያቅታቸውም። የከለከላቸው የእኛ ችኮላ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመስኮት የምንሠራ ሁሉ አንድ ልማድ እንያዝ። ባለጉዳዩን መርዳት መልካም ነው፤ ነገር ግን የምስጢር ቁጥር ላይ ሲደረስ ስልኩን ለባለቤቱ መልሰን ፊታችንን እናዙር። በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይሸፈን ስለሚታይ፣ ከኋላ የተሰለፈውም ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ እንዲል ብንነግረው አይቀየመንም። ይህ በጀትም መመሪያም አይጠይቅም፤ የግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍያ በስልክ ብቻ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ዐይነ ስውሩም ሆነ ጨርሶ ስልክ የሌለው ሰው በደረሰኝ የሚከፍልበት አንድ መስኮት ይተውለት። ይህ ባይቻል እንኳ በግልጽ ቦታ የሚቀመጥ፣ ማንነቱ የታወቀና በኃላፊነት የሚጠየቅ አንድ ረዳት ሠራተኛ ይመደብ። ያን ጊዜ ባለጉዳዩ በበር ላይ ያገኘውን ሁሉ ለማመን አይገደድም።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን የሚሰጡት ድርጅቶች በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ጊዜውን ያራዝሙለት፤ ቢቻልም ዝርዝሩን በየቋንቋው በድምፅ የሚያሰማ መንገድ ያዘጋጁ።

አራተኛው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሥራ በየደጃፉ እየሠሩት ስለ ሆነ፣ በግብረ ገብ ትምህርት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለዚህ አደራ ብናስተምር ከመጽሐፉ ምዕራፍ ብዙ የምናጎድል አይመስለኝም።

የደብተሯን መጨረሻ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። ከዚያ ተማሪ ጋር ተማክረን፣ ተከታታይ ቅዳሜዎች ጠዋት በየቤታቸው እየዞርን ሰዎቹን አገኘን። ልጁ የቁጥር መቀየሪያው ድረስ ይመራቸዋል፤ ከዚያ ሁለታችንም ወደ በሩ ዞረን እንቆማለን፤ እነሱም አዲሱን ቁጥር በገዛ ጣታቸው ያስገባሉ። ዐይናቸውን የሚያማቸው አባባ አራት ጊዜ ተሳስተው በአምስተኛው ሲሳካላቸው፣ «አሁን እናንተም አታውቁትም?» ብለው ጠየቁን። አናውቀውም ባልናቸው ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። እስካሁን ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ ሁለቱን ሰርዘናል። አሥራ አምስቱ ገና ስለ ሆኑ፣ ደብተሯ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፋ ትገኛለች። የእናቴንም ቁጥር በመጣው በዓል ወደ ቤት ስሄድ ራሷ ትቀይረዋለች፤ እኔም ወደ በሩ ዞሬ እቆማለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የአንዲት ባልቴት ጥሪት ጠፍቶ ፖሊስና ፍርድ ቤት ከመመላለሳችን በፊት፣ እያንዳንዳችን በየመስኮታችንና በየቤታችን ብናስብበት መልካም ነው እያልሁ አሳቤን በዚሁ እፈጽማለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር