ሃምሳ ሎሚ የተሸከመው ሰው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው የአበው አነጋገር የኅብረትን ኃይል የሚያመለክት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ «እኛ ሃምሳ ነን» የሚል ሰው ይነሣል ብለው አበው የገመቱ አይመስልም። ዛሬ በኢንተርኔት መድረኮች ላይ የሚታየው ግን ይኸው ነው። አንድ ግለሰብ በአንድ ድረ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ አሥርም ሃያም አካውንት ይከፍታል፤ በአንዱ ይጠይቃል፣ በሌላው ይመልሳል፣ በሦስተኛው ያጨበጭባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን አካውንት እጅ እየገባበት በሚንቀሳቀስ የካልሲ አሻንጉሊት ስም ይጠሩታል።

ጉዳዩን ከመሠረቱ ለመረዳት ቅርጹን ከይዘቱ መለየት ያሻል። ከአንድ በላይ አካውንት መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም። በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፈው ዊኪፔዲያ እንኳ ሕዝብ በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ጸሐፊ ለጥንቃቄ ሲል ሁለተኛ አካውንት እንዲይዝ ይፈቅዳል። በብዕር ስም መጻፍም ነውር አይደለም፤ ባለ ብዕር ስሙ የሚናገረው በአንድ ድምፅ ብቻ ነውና። የካልሲ አሻንጉሊቶች ባለቤት የሚሰርቀው ግን ስምን ሳይሆን ቁጥርን ነው። አንባቢ አንድን አሳብ ሲመዝን ስንት ሰው እንደ ደገፈው መመልከቱ አይቀርም፤ ብዙኃኑ በአንድነት የሚሰጡት ፍርድ ክብደት የሚያገኘውም ፈራጆቹ በእርግጥ ብዙ በመሆናቸው ነው።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የተጋለጠው ሤራ ነው። መጀመሪያ በተደረሰበት አካውንት ስም «ኦሬንጅሙዲ» ተብሎ የተጠራው ይህ መረብ ሲታገድ 381 አካውንቶች ተገኝተውበታል። አሠራሩ ረቂቅ ነበር። ማስታወቂያ ይመስላል ተብሎ ረቂቅ ጽሑፉ ተቀባይነት ያጣበትን አነስተኛ ነጋዴ ወይም የኪነ ጥበብ ሰው እየፈለጉ «ብትከፍል እናወጣልሃለን» ይሉታል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ እንዳይሰረዝ ለመጠበቅ በየወሩ ክፍያ ይጠየቃል። አንዳንዴም ስመ ጥር በሆኑ ነባር አዘጋጆች ስም እስከ መነገድ ደርሰዋል። በመጨረሻ 210 ጽሑፎች ተሰረዙ፤ ከፋዩም ገንዘቡንም ጽሑፉንም አጣ። ልብ በሉ፤ አጭበርባሪዎቹ የሸጡት የራሳቸውን ሥራ ሳይሆን ሌሎች ያለ ክፍያ ደክመው የገነቡትን አመኔታ ነው።

ድርጊቱ በተራ አጭበርባሪዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ይፋ እንደሆነው፣ የአሜሪካ ጦር ማዕከላዊ ዕዝ በ2.76 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለው ሃምሳ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው እስከ አሥር የሐሰት ማንነት እንዲያንቀሳቅሱ ለማስቻል ነበር። ሎሚው አምስት መቶ ደረሰ ማለት ነው! የዕዙ ቃል አቀባይ ሥራው በዐረብኛ፣ በፋርስኛ፣ በኡርዱና በፓሽቶ እንጂ በእንግሊዝኛ አይካሄድም ሲሉ ማስተባበያ መስጠታቸው ይታወሳል፤ የሌላው አገር አንባቢ ሊታለል የተገባው ነው የተባለ ያስመስላል። ነገሩ ከደጃችንም የራቀ አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጁን 2021፣ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ከኢትዮጵያ የተነሣና የአገር ውስጥ አንባቢን ያነጣጠረ የሐሰት አካውንቶች መረብ ማስወገዱን አስታውቋል።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም በመታወቂያ ቁጥር መመዝገብ ነውን? ደቡብ ኮሪያ ይህን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ብዙ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች የጸሐፊዎችን እውነተኛ ማንነት እንዲያረጋግጡ በሕግ ተገደዱ። በ2011 ግን የ35 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የግል መረጃ ከአንድ ኩባንያ ተዘረፈ፤ በ2012 ደግሞ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ስም የተቆለፈበት ሣጥን ራሱ የሌባ ዒላማ ይሆናል።

የዊኪፔዲያ ሰዎች የያዙት መንገድ ከዚህ ይልቅ አድካሚ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን የተሻለ ነው። የሚታመኑ ጥቂት አጣሪዎች፣ በቂ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ፣ አካውንቶቹ የተነሡበትን የኢንተርኔት አድራሻ ያመሳክራሉ። አድራሻ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በአንድ ኢንተርኔት ካፌ የተቀመጡ አሥር ሰዎች አንድ ሰው መስለው ሊታዩ ይችላሉና። ስለሆነም የአጻጻፍ ልማዱን፣ የሚደጋገመውን የፊደል ግድፈት፣ አንዱ ዝም ባለ ጊዜ ሌላው የሚናገርበትን ሰዓት ሳይቀር መስመር በመስመር ይመረምራሉ።