ከርዳዳ ስድብ አይደለም

«ውይ፣ ይቺ ልጅ ጸጉሯ ከማን ወጣ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ የሰባት ዓመት ልጄን ጸጉር በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ይዛ። ወደ እኔ ዞረችና ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ «የልጆች ሪላክሰር አለን፤ እናድርግላትና ተገላገዪ» አለችኝ። ልጄ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምን እንደምመልስ እየጠበቀች ነው። እጇን ይዤ ወጣሁ።

ተገላገዪ! ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቃል ነው። ከምን ልገላገል? ከልጄ ጸጉር?

እኔን ያገላገሉኝ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ለፋሲካ ነው። እናቴ በበዓል ላምርላት ብላ ሰፈራችን ካለች ጸጉር ቤት ወሰደችኝ። ነጩ የሪላክሰር ቅባት መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ቆይቶ ከጆሮዬ ኋላ ማቃጠል ጀመረ። «ትንሽ ቻይው፣ እስኪይዝ ነው» አሉኝ። ቻልኩት። ሲታጠብ ቆዳዬ ተልጦ ነበር፤ ቁስሉ እስከ ዳግማ ትንሣኤ አልደረቀም። ቤት ስደርስ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «ሉጫ ሆነች እኮ! እንዴት አማረባት!» አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የምትማረው አንድ ነገር ነው፤ ማማር ማለት እየተቃጠሉ ዝም ማለት ነው። ይህን ከውስጤ ለማውጣት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናቴን አልወቅስም። እሷም የሰማችውን ነው ያደረገችው። በየዘፈኑ የሚወደሰው ዞማ ነው። ሕፃን ሲወለድ ጠያቂ ሁሉ ጸጉሩን ዳብሶ «ሉጫ ነው፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ከርዳዳ የሚለው ቃል ግን አፍንጫ ሳይነፋ አይወጣም። ሥራ ልቀጠር ሄጄ፣ ታጥቤ፣ አበጥሬ፣ በወግ አስይዤው የመጣሁትን ጸጉር ቃለ መጠይቅ አድራጊዋ አይታ «በሚቀጥለው ጸጉርሽን ተሠርተሽ ነይ» ብላኛለች። ተሠርቼ ነበር! እግዜር በሠራው ላይ የቀረው ምንድን ነው?

ዓፄ ቴዎድሮስ እኮ ጸጉራቸውን ሹሩባ ተጎንጉነው ነው የነገሡት። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ እንግሊዞች ከጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲመልሰው ደስ ያላለው ማን ነው? የንጉሡ ጉንጉን ቅርስ ነው ብለን የተቀበልን ሰዎች፣ የልጆቻችንን ጸጉር እንደ እርግማን የምናየው በምን ሒሳብ ነው?

ጸጉራችን እኮ አስቸጋሪ አይደለም። ውሃ የጠማው ነው። የከርዳዳ ዘለላ ጠፍጠፍ ብሎ የተጠማዘዘ ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በሉጫ ጸጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በእኛ ላይ ግን በየመጠምዘዣው እየቀረ ጫፍ ሳይደርስ ያልቃል። ጫፉ ይደርቃል። የደረቀ ጸጉር ቅርፊቱ ስለሚከፈት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ይንጨባረራል። ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ግን ለተጠማው ጸጉር ፔስትራ እንሰጠዋለን። በሰዓታት የተተኮሰው ጸጉር በአንድ ካፊያ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው በክረምት ስንቷ ልጅ ፌስታል በራሷ ላይ አጥልቃ የምትሮጠው።

ሪላክሰር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። አንዱ ዓይነት የሚሠራበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ መክፈቻም ነው። የጸጉሩን የውስጥ ማያያዣ አንዴ ከበጠሰው በኋላ መመለሻ የለም፤ ያ ዘለላ እስኪቆረጥ ድረስ እንደተጎዳ ይኖራል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የወጣውን የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት ያነበብኩ ቀን እጄን ከጆሮዬ ኋላ፣ ጠባሳዬ ላይ አገኘሁት። 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ ነው የተሠራው። የጸጉር ማለስለሻ ኬሚካል ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ውስጥ እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ነው፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከተጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። ለእኔ ግን ልጄን ከዚያ ወንበር ለማስነሳት ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ የሚታጠበው በጆግ ነው። ልጄ ጉልበቴ መሐል ትቀመጣለች። ጸጉሯን ስድስት ቦታ ከፍዬ አስይዘዋለሁ። አንዱን እፈታና እርጥብ እንዳለ፣ ኮንዲሽነር እንደተቀባ፣ መጀመሪያ በጣቴ አፍታታዋለሁ። ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነው ማበጠሪያ ይገባል፤ ከጫፍ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ሥር ይወጣል። ከሥር ወደ ጫፍ የሚጎትት ሰው ቋጠሮን ያጠብቃል፣ ልጅን ያስለቅሳል፣ ከዚያ «ጸጉሯ አስቸጋሪ ነው» ይላል። ደረቅ ጸጉር አይበጠርም! ይህን ብቻ ብናውቅ ስንት ለቅሶ በቀረልን።

ሲታጠብ በፎጣ አላሸውም፤ በአሮጌ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ ተልባ ነው። አንድ እጅ ተልባ በአምስት እጅ ውሃ አፍልቼ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ሳይበርድ አጠልለዋለሁ፤ ከበረደ አይወርድም። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። እሱን ከጫፍ እስከ ሥር አዳርሼ በመጨረሻ ትንሽ የጉሎ ዘይት እቀባታለሁ። ዘይት ውሃን አይተካም፤ የገባውን ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። አያቴ ለጋ ቅቤ ከመቀባቷ በፊት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክር ነበር። ያኔ ቅቤው እጇ ላይ እንዳይጣበቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አውቃ ነው ያደረገችው። አፋሩም ሐመሯም ጸጉራቸውን ቅቤ እየቀቡ የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ሹሩባም ቢሆን ጠብቆ ከተሠራ ይጎዳል። ዓይኗ እስኪሳብ የተጎነጎነች ልጅ ማታ ራሷን አሟት ካደረች፣ ያ ሹሩባ «ፍቱኝ» ነው የሚለው። እንዲህ እየተሳበ ግንባሩ የሸሸ፣ ጠርዙ የተመለጠ ስንት ወጣት አለ! ልጄ ስትተኛም ሳቲን ሻሽ አስርላታለሁ፤ የጥጥ ትራስ ጸጉሯ ውስጥ የገባውን እርጥበት ሁሉ ይመጠዋል።

የቅዳሜው ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አዎ፣ ሁለት ሰዓት። በዚያ ሁለት ሰዓት ልጄ የትምህርት ቤቷን ወሬ ሁሉ ትነግረኛለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምሳዋን እንዳካፈለቻት። ባለፈው ቅዳሜ ስጨርስ ሄዳ መስታወት ፊት ቆመችና አንዱን ጥቅልል ስባ ለቀቀችው። ተመልሶ ተጠቀለለ። እንደገና ሳበችው። «እማዬ፣ ራሱ ይመለሳል እኮ!» አለችኝ እየሳቀች።

ለመጪው በዓል ልጅሽን ሪላክሰር ለማስደረግ ቀጠሮ የያዝሽ እናት፣ ቀጠሮውን ሰርዢ። ውሃ አሙቂና ጉልበትሽ መሐል አስቀምጫት።