ሹካው አልነሣ ሲል

በሐርጌሳ ከተማ ያለው የዋሄን ገበያ በበርበራ ወደብ የሚራገፈው ሸቀጥ የሚሸጥበት ታላቅ የንግድ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. ግን እሳት ተነሥቶ አብዛኛውን ክፍል በአንድ ሌሊት አወደመው፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለ ነበረ የእሳት አደጋ መኪናዎች እንደ ልብ ሊገቡ አልቻሉም። በጠባብ ስፍራ ትንሹ ጥፋት ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ፥ ሸቀጥ በተከማቸበት መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራው የባትሪ ፎርክሊፍት ጥቂት እንናገራለን።

ይህ መኪና ጭስ ስለሌለው ለመጋዘን የተመረጠ ነው። ባትሪው ሞተሩን፥ ሞተሩም ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በኀይል ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ሲያስገባው ሹካው ሸክሙን ይዞ ይነሣል።

ሹካው አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፥ መፍቻ ከማንሣት በፊት ጆሮን መስጠት ይገባል። የፓምፑ ሞተር ድምፅ ካላሰማ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪውና ፊውዙ ይመርመሩ። በብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪው ሲደክም ማንሻው በራሱ ይቋረጣል፤ ስለዚህ መኪናው እየሄደ ሹካው እንቢ ሊል ይችላል። ሞተሩ እየዞረ ሹካው ካልተነሣ ግን አስቀድሞ ዘይቱ ይታይ።

ዘይቱ የሚለካው ሹካው እስከ መሬት ወርዶ ነው። ሹካው ተሰቅሎ ሳለ ዘይቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚቀር የጎደለ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የተጨመረ እንደ ሆነ ሹካው ሲወርድ ሞልቶ ይፈስሳል። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ማጣሪያው እንዳይደፈን ይታይ። ዘይቱ አረፋ ካወጣና ሹካው ከተንቀጠቀጠ አየር ገብቶበታል። ሸክም ይዞ ሳለ ቀስ በቀስ በራሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቋል፥ ወይም ቫልቩ ዘይት ያሳልፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ገላ ነው። የዘይት ፍሳሽ በእጅ ዳሰሳ አይፈለግም፤ ካርቶን በዱላ ጫፍ ይዞ መፈተን ይሻላል። በኀይል የተገፋ ዘይት በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ ወጥቶ ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት በሐኪም ካልታየ እጅን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። ተሰቅሎ በቀረ ሹካ ሥርም ማንም አይግባ። ሊወርድ የሚችል ሹካ ይውረድ፤ ከዚያ ቁልፉ ይዘጋ፥ ባትሪውም ይነቀል።

የሠራተኛ እጅ የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው። ስለዚህ የመጋዘን ሹም የሆነ ሰው ዘይቱንና ባትሪውን በየማለዳው ያስመርምር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነውና።