የቀጥቃጩ ልጆች

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕዝቧን ስትቆጥር ስሚዝ የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተገኙ። በአገሪቱ በብዛቱ አንደኛ የሆነው ስም ይኸው ነው፤ በእንግሊዝም የሚቀድመው የለም። ትርጉሙ ብረት ቀጥቃጭ ነው።

ይህን የሰማ ሰው በድሮዋ እንግሊዝ ቀጥቃጭ በዝቶ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመንደሩ ገበሬው ብዙ፣ ቀጥቃጩ ግን አንድ ወይም ሁለት ነበር። ሦስት ጆን ባሉበት መንደር «ገበሬው ጆን» ቢባል የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ «ቀጥቃጩ ጆን» ከተባለ ግን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ማረሻው የዶለዶመበት፣ ማጭዱ የተሰበረበት፣ የፈረሱ ኮቴ ብረት የወለቀበት ሁሉ ደጁን ይጠናል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ እንዲህ ያለው መለያ ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስም ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ መዶሻ ባይጨብጥም ስሙ ተከተለው። ለምሳሌ የታወቀው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የአዳም ስሚዝ አባት የጉምሩክ ሹም ነበሩ። እሱ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የምጣኔ ሀብት መጽሐፉ ስለ ሚስማር ሠሪዎች ጽፏል። ወናፉን የሚነፋው፣ እሳቱን የሚቆሰቁሰው፣ ብረቱን አግሎ የሚቀጠቅጠው አንድ ሰው ነው። ሚስማር መሥራት ያልለመደ ተራ ቀጥቃጭ በቀን ከ200 ወይም ከ300 አያልፍም፤ ከዚህ ሌላ ሥራ የማያውቁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ግን እያንዳንዳቸው በቀን ከ2,300 በላይ መሥራት እንደሚችሉ አይቻለሁ ይላል።

በእርግጥ የአሜሪካ ስሚዞች ሁሉ የእንግሊዝ ቀጥቃጭ ዘር አይደሉም። ሽሚት የሚባሉ ጀርመኖች ስማቸውን ለውጠው ገብተውበታል፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮችም ይዘውታል። የጣሊያኑ ፌራሪም ሆነ የዐረቡ ሐዳድ የስማቸው ምንጭ ያው የብረት ሥራ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። የእኛም ገበሬ ማረሻና ማጭዱን ያገኘው ከቀጥቃጭ እጅ ነው። እኛ ግን ቀጥቃጩን ቡዳ አልነው፤ ልጁን ለልጃችን አናጭም አልን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። የእኛ ስም አወጣጥ የአባትን ሙያ ለልጅ አያወርስም፤ ንቀቱ ግን ማንም ሳይጽፈው ከትውልድ ትውልድ ወርዷል።

በዘራችሁ ቀጥቃጭ ካለ አትደብቁት። ስሙን ጠርታችሁ፣ ሙያውን ጨምራችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።