«የባሏ አፈር ሳይደርቅ!»

ይህች ሐሜት ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለ ቲኬት ትጓዛለች። አዋሽ ሰባት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰማኋት፤ ሰመራ ወርጄም አላጣኋት። የምትታማው ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ጥፋቷስ? ሚስቱን ከቀበረ ሰው ጋር ጎጆ መቀለሷ።

ወገኖቼ፣ የት አገር ሆነን እንደምናማ እንወቀው እንጂ! በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ላይ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሰሜን አፋር ብዙ ሰው አፈናቅሎ ወደ ሰመራ አካባቢ አምጥቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን ሥር ምድሩ ሲንቀጠቀጥ የአዋሽ ፈንታሌ ሕዝብ ቤቱን እየጣለ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ምድር ሐዘን ያልጎበኘው ሰው ፈልጋችሁ ነው ፍቅር የምትፈቅዱለት?

ሐሜተኛው «ሃይማኖት አለን» ይላል። የትኛው ሃይማኖት? ቁርኣን ባል ለሞተባት ሴት የወሰነው ዒዳ አራት ወር ከአስር ቀን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ወጣት መበለቶች እንዲያገቡ መክሯል። ሕግም ቢሆን፣ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሴቲቱን 180 ቀን ቆይ ይላታል። ያውም የልጅ አባትነት እንዳያከራክር ነው እንጂ ለሐዘኑ ተጨንቆ አይደለም፤ እርጉዝ አለመሆኗን ሐኪም ካረጋገጠ እሱም ይቀራል። (ወንዱን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠብቅ አይለውም!) ፈጣሪም መንግሥትም ቀን ቆርጠው ሲለቋት፣ ቀን የማይቆርጠው ጎረቤት ብቻ ነው።

የአፋርም ልማድ ከወቀሳዬ አያመልጥም። ባል ሲሞት ወንድሙ ሚስቲቱን ይወርሳል። ለልጆቹ ጥላ ይሆናል፣ ቤት እንዳይበተን ያደርጋል፤ አልክድም። ግን መጠለል ሌላ፣ መወደድ ሌላ። ከተሜው ይህን «ኋላ ቀር» ብሎ ይስቅበታል። እሱ ራሱ ግን መበለቲቱን ለሟች ያወርሳታል! አፋሩ ቢያንስ ለሕያው ነው ያወረሳት።

«ፍቅር ያስረሳል» እያሉ የሚያዜሙልንም አያሳምኑኝም። አዋሽ ላይ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች፣ ስማቸው ይቆየኝ፣ አንዳቸውም የረሱት ነገር የለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሴትዮዋ የእንጀራ ልጇን «እናትህ ሽሮ ላይ ጨው ሲበዛ አትወድም ነበር» ስትለው ሰማሁ። ሟቿን በዓይኗ አይታት አታውቅም። የነገራት ባሏ ነው። ሚስቱ በሞተች ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ስሟን አታንሳ፣ ትጎዳለህ» እያለ አፉን ሲዘጋው ከርሞ፣ ስሟን አንሥቶ ማውራት የቻለው ለዚህች ሴት ብቻ ነው። እሷም የሟች ባሏን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ አላወረደችም፤ አውርጂም አላላትም።

ለመሆኑ ለቀስተኛው ድንኳኑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ፣ ያቺን የአዋሽ ሌሊት፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳና ልጅ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከእናንተ ከሐሜተኞቹ አብሯት ያደረ ማን ነበር? ያደረ ካለ ይጻፍልኝ፤ መልሱን በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።