ጉልበትና ልጓም

ወጣቶች ሆይ፤ በእጃችሁ የገባውን ነገር ለማሻሻል መፈለጋችሁ አያስነቅፋችሁም። የተሠራውን ሁሉ እንዳለ ተቀብሎ መቀመጥ የሰነፍ ጠባይ ነው። ስለዚህ አዲስ ፈጣን አነስተኛ መኪና የገዛ ወጣት ሞተሯንና መንገድ አያያዟን ለማሻሻል ቢደክም፥ ነገሩ ከንቱ ጨዋታ ነው ከሚሉት ሽማግሌዎች ጋር አልተባበርም። ፋብሪካ መኪናን የሚሠራው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለብዙ ሺህ ገዢ ነው፤ ምቾቱን፥ ዋጋውንና የጎማውን ዕድሜ አመዛዝኖ መካከለኛውን መንገድ ይይዛል። ከዚያ ወጥቶ ለራስ የሚስማማውን መፈለግ የሚያስቀይም ነገር የለበትም።

እኔ የምቃወመው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ወጣት መኪናውን እንደ ተረከበ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ልጨምርባት?» ብሎ ነው። ማርሚታው እንዲጮኽ ይደረጋል፤ የሞተሩ ኮምፒዩተር ተነካክቶ ቱርቦው ከልክ በላይ እንዲነፋ ይታዘዛል፤ ሞላው ተቆርጦ መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ስለ ፍሬኑ የጠየቀ ግን የለም። ይህ ለፈረሱ ገብስ እየጨመሩ ልጓሙን መርሳት ነው።

ሒሳቡን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የመኪና የሩጫ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 70 የወጣ ሰው ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባውን ኃይል እጥፍ ያህል አድርጎታል፤ ከ60 ወደ 120 የወጣ ደግሞ አራት እጥፍ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለ ሆነ፥ ያረጀው ዘይት በዚህ ሙቀት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም መኪናዋ አትታዘዝም።

ዐዋቂዎቹ እንዴት እንደ ሠሩ እንመልከት። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ በ1959 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ስትወጣ የሞተሯ ጉልበት 34 ፈረስ ብቻ ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር አያያዟ ከጉልበቷ የሚበልጥ መሆኑን አስተዋለ። በ1961 በስሙ የተጠራችው ሚኒ ኩፐር ስትወጣ ጉልበቷ ወደ 55 ከፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ የፊት እግሮቿ ዲስክ ፍሬን ተገጠመላቸው። ጉልበቱና ልጓሙ አብረው መጡ። ይህች ትንሽ መኪና በ1964፥ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ውድድር አሸነፈች።

በዘመናችንም እንዲሁ ነው። ቶዮታ በ2020 እ.ኤ.አ. ጂአር ያሪስ የምትባለውን አወጣ፤ በአገራችን ቪትዝ ተብላ ለምትታወቀው መኪና የቅርብ ዘመድ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆኖ ለአውሮፓ ገበያ 261 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2024 ይህ ወደ 280 ሲያድግ፥ ፋብሪካው የአካሏን ብየዳና ማጣበቂያ ጨምሮ አጥንቷን አጠነከረ። ፋብሪካው 19 ፈረስ ለመጨመር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ፈረስ እጨምርልሃለሁ የሚል ጋራዥ ምን ሊባል ነው? ሙቀቱን የሚሸከመው ሞተሩ፥ ጭነቱን የሚችለው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሲሰበሩም ከፋዩ ባለቤቱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ጎማ ይለወጥ፤ መኪናዋን ከምድር ጋር የሚያገናኟት እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ናቸውና። ቀጥሎ የፍሬን ዘይትና ሸራ። ከዚያ ሾክ አብዞርበሩና የጎማው አላይመንት። ሞላ መቁረጥ ግን ማሻሻል አይደለም፤ መንገዱ ሲጎረብጥ ጎማው መሬቱን ይለቃል፥ መሬት ያልነካ ጎማም አይዞርም፥ አይቆምም። ከእነዚህ በኋላ ነጂው ራሱ፥ ለዚህ በተከለለ ሜዳ፥ በአስተማሪ ፊት ይማር። ሞተሩ የመጨረሻው ነው።

«መኪናዋ የገዛ ገንዘቤ ናት፤ ምን አገባችሁ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መኪናዋ የአንተ ናት። መንገዱ ግን የአንተ ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፥ ዘንቢሏን ይዛ የምትሻገረው እናት የሞተርህን ጉልበት አልመረጡም፤ የፍሬንህ ድካም ግን የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው። ራስህን ብቻ የሚጎዳ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር።

ፈረስ ጋላቢ የሚመሰገነው ስላስሮጠ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ፈረስን በአለንጋ መትቶ ማስሮጥ ይችላል። የሚመሰገነው በፈለገው ቦታ ሲያቆመው ነው። እናንተም ከመኪናችሁ ላይ አንድ ፈረስ ከመጨመራችሁ በፊት፥ ያሉትን ማቆም መቻላችሁን አረጋግጡ።