ቢላዋ ወይስ ላብ?

ዲዬጎ ማራዶና በማርች 2005 ወደ ኮሎምቢያዋ ካርታሄና የበረረው ኳስ ሊጫወት አልነበረም፤ ጨጓራውን በኦፕራሲዮን ሊያሳንስ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1986ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ የእንግሊዝን ተከላካዮች አንድ በአንድ እያታለለ ያለፈው ጉደኛ፣ በ44 ዓመቱ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ በብዙ የዘለለ፣ ከዓመት በፊት ደግሞ ልቡ ታምሞ ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ነበር። ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በአርጀንቲና ቴሌቪዥን የራሱን ፕሮግራም ሲጀምር፣ የመጀመሪያ እንግዳው ከነበረው ከፔሌ ጋር በቴስታ ኳስ ሲቀባበል ያየ ሁሉ ዓይኑን ተጠራጠረ። 50 ኪሎ ገደማ ጥሎ ነበር።

ብራዚላዊው ሮናልዶ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በሦስት ዓለም ዋንጫዎች 15 ጎል ያስቆጠረው አጥቂ በፌብሩዋሪ 2011 ጫማውን ሲሰቅል፣ የታይሮይድ እጢው በአግባቡ ባለመሥራቱ ክብደቱን መቆጣጠር እንዳቃተው ተናገረ። ደጋፊው ግን ለዓመታት በቦርጩ ሲቀልድ ነበር። በ2012 ሰውዬው በአገሩ ቴሌቪዥን፣ ሕዝብ እያየው ሚዛን ላይ ወጣ። አመጋገቡን አስተካክሎ፣ በአሠልጣኝ እየተመራ ላቡን አፍስሶ፣ በሦስት ወር ገደማ ከ15 ኪሎ በላይ ቀነሰ።

የእንግሊዛዊው ቡጢኛ የታይሰን ፊዩሪ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። በኖቬምበር 2015 ቭላድሚር ክሊችኮን ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በድብርትና በመጠጥ ተይዞ ወደ 180 ኪሎ ደረሰ። ከዚያ ያለ ምንም ቢላዋ ብዙ ኪሎ አራግፎ በጁን 2018 ወደ ሪንግ ተመለሰ፤ በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ዲዮንቴ ዋይልደርን በሰባተኛው ዙር አስቁሞ ቀበቶ ወሰደ።

በስፖርት አፍቃሪው ወሬ ፍርዱ ቀላል ነው፦ ፊዩሪ ጀግና፣ ሮናልዶ ጎበዝ፣ ማራዶና አቋራጭ ፈላጊ። ላቡን ያፈሰሰ ይጨበጨብለታል፤ ኦፕራሲዮን የሆነው ሰነፍ ይባላል። ይህ ፍርድ ኦፍሳይድ ነው። ሜዳ ላይ ቢቀር ጉዳቱ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ስኳርና የደም ግፊት ይዞት "ምን ይሉኛል" ብሎ ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚቀር ሰው አለ። በሌላ ወገን ደግሞ ዱካውን ሳይሞክር በቀጥታ ቢላዋ የሚመኝም አለ። ሁለቱም የሚጎዱት በተሳሳተ ጨዋታ ነው።

መጀመሪያ ስለ ላቡ። ፊዩሪ ወፍጮ ቤት ውሎ ወይም ታክሲ ሲነዳ አምሽቶ አይደለም ወደ ጂም የሚገባው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሠለጠነ ሰውነት፣ አጠገቡ የማይለይ አሠልጣኝ፣ ከፊቱ ደግሞ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ግጥሚያ ነበረው። ተራው ሰው ይሄ ሁሉ የለውም። ውድድሩ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣም ታይቷል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ከጣሉት ኪሎ ብዙውን መልሰውታል። በ2016 የታተመው ይህ ጥናት ያሳየው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ በቀን የሚያቃጥለው ኃይል በዚያ ክብደት ላይ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ማለትም የጣሉትን ለማስመለስ የገዛ ሰውነታቸው ሲታገላቸው ነበር። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት አይቻልም።

ይህ ሲባል ላብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከ5 ሺህ በላይ የስኳር ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ በባለሙያ እየተመሩ አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን የቀየሩት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 8 ተኩል ያህል ቀንሰዋል። 120 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ወደ 10 ኪሎ ነው። ጉልበቱ ይቀለዋል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ስኳሩ ይረጋጋል። 95 ኪሎ ላይ ላለ ሰው ይሄ ብቻውን በቂ ድል ሊሆን ይችላል። 150 ኪሎ ላይ ላለው ግን ግማሽ መንገድ እንኳን አይደለም።

ኦፕራሲዮኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባይፓስ የሚባለው ጨጓራውን የእንቁላል ያህል አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይቀጥለዋል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። ሥራው ቦታ ማጥበብ ብቻ አይደለም፤ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ 2 ሺህ ያህል ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎችን ካልሆኑት ጋር ያወዳደረው ጥናት፣ ባይፓስ የተደረገላቸው ከ10 ዓመት በኋላም ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን እንደጣሉ መቆየታቸውን አሳይቷል፤ ሞትም ኦፕራሲዮን በሆኑት ዘንድ ቀንሷል። ለአንዳንዶች ስኳራቸው ያለ መድኃኒት እስከ መስተካከል ደርሷል።

ቢላዋ ግን ቢላዋ ነው። በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከሺህ ታካሚ 3 ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከዚያ የተረፈውም ዕድሜ ልኩን ቫይታሚን፣ ብረትና ካልሲየም መውሰድ፣ በትንሽ በትንሹ መብላት፣ በየጊዜው መመርመር አለበት። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ የመጠጥ ችግር ውስጥ የመግባት አደጋም ይጨምራል።

ወደ ማራዶና ስንመለስ ነገሩ የሚከብደው ለዚህ ነው። በ2005 ኦፕራሲዮን የሆነው ሰው በ2007 ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ሕመም ሆስፒታል ገባ። በ2010 አርጀንቲናን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ በ2015 ደግሞ ክብደቱ ስለተመለሰ በቬንዙዌላ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሆነ። በኖቬምበር 25 ቀን 2020 በ60 ዓመቱ ልቡ ደክሞ አረፈ። ኦፕራሲዮኑ ገደለው ማለት ሐሰት ነው፤ ምናልባትም ዕድሜ ጨምሮለታል። ነገር ግን ሐኪም ጨጓራ እንጂ ኑሮ ቆርጦ አያወጣም። ማዕዱ፣ ጓደኞቹ፣ ሌሊቱ እንዳሉ ቆዩት።

ታዲያ እንዴት ይወሰን? መለኪያ አለ። ክብደት በኪሎ፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ሲካፈልለት የሚመጣው ቁጥር ነው። ከ1991 ጀምሮ የነበረው መመሪያ ለ40 እና በላይ፣ ወይም ስኳርና ግፊት ለመሰለ ሕመም ላለበት ለ35 እና በላይ ኦፕራሲዮንን ይፈቅድ ነበር፤ በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ሕመም ባይኖርም ከ35 ጀምሮ ይመከራል አሉ። 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው 35 ማለት 101 ኪሎ፣ 40 ማለት ወደ 116 ኪሎ ነው። ከዚያ በታች ያለ በአብዛኛው በማዕዱና በእግሩ ይጀምር። ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በባለሙያ እየተመራ ደጋግሞ ሞክሮ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ሳይሸማቀቅ ስለ ኦፕራሲዮን ይጠይቅ። ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ከሆነ ከትኬቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ፣ "ስመለስ ማነው የሚከታተለኝ?" የሚለው ነው።

አሁን ሦስተኛ መንገድም ተከፍቷል። 23 የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ ያላት ሴሬና ዊሊያምስ በኦገስት 2025 በመርፌ በሚወሰደው አዲሱ መድኃኒት 14 ኪሎ ያህል መቀነሷን በይፋ ተናግራለች። መድኃኒቱን ከሚሸጥ ኩባንያ ጋር የማስታወቂያ ውል እንዳላት ሳይረሳ፣ ቃሏ አንድ ነገር ያስተምራል፦ እንደ እሷ የሠለጠነች አትሌት እንኳን ከወሊድ በኋላ ላብ ብቻ አልበቃትም።

ክለቦችም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ተጫዋቹን በቀን ሁለቴ እያሠሩ እንደ ሠራተኛ በሬ እንዲበላ ያስለምዱታል፤ ጫማውን በሰቀለ ማግስት ልምምዱ ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ኮንትራቱን አያቋርጥም። ቦርጭ ሲያወጣ "ተመቸው" ይባልለታል፤ ሲታመም ይረሳል። ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ገንዘብ ያለው ክለብ፣ ለሚሰናበት ተጫዋች የአንድ ዓመት የምግብና የእንቅስቃሴ ምክር ቢያዘጋጅ ስንቱን ከሁለቱም ምርጫ ያድነው ነበር።

ምርጫው የደጋፊ ጭብጨባ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ሚዛኑ፣ የደም ምርመራውና ሐኪሙ ይናገሩ። ቢላዋ የመረጠም ላብ ከመጥረግ አይድንም፤ ላብ የመረጠም ካልበቃው ቢላዋ መጠየቁ ሽንፈት አይደለም። የቀረው ተመልካች ቀልዱን ለራሱ ይያዝ።